ጩኸቱን ነው የሸጡልን

በመጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ከሦስት ወር በፊት እዚሁ ቻናል ላይ «ያሪሴ አዲስ ትንፋሽ አገኘች» የሚል አጭር ጽሑፍ ለጥፌ ነበር። ነባር ተከታታዮች ታስታውሱታላችሁ። ከጽሑፉ ጋር የአንዲት ቀይ፣ ሾጣጣ የአየር ፊልትሮ ፎቶ ነበረበት። ያን ጽሑፍ ስጽፍ ፊልትሮዋን ካስገጠምኩ አራት ሰዓት እንኳ አልሞላኝም። መኪናዋ «ትስባለች» ብዬ ጻፍኩ። ነዳጅ «የምትቆጥብ ይመስላል» ብዬም ጨመርኩ። ለክቼ ነበር? አልለካሁም። ያደረግሁት ነገር ቢኖር ከቦሌ እስከ ቱሉ ዲምቱ መስኮት ከፍቼ እየነዳሁ የሞተሩን ድምፅ መስማት ብቻ ነው።

ያልነገርኳችሁም ነገር ነበር። ኪቱን የገዛሁት በግማሽ ዋጋ ነው። ሻጩ «ወንድሜ፣ አንተ ብዕር አለህ፣ ሰው ይሰማሃል፣ አንድ ነገር ጣል አድርግልኝ» አለኝ፤ እኔም ጣል አደረግሁለት። ይህ በእኛ ሙያ ምን ተብሎ እንደሚጠራ አውቃለሁ። ሌላ ሰው ቢያደርገው ኖሮ በሙሉ ስሙ እየጠራሁ እጽፍበት ነበር።

ጽሑፉን አምነው ኪቱን የገዙ ሰዎች አሉ። አንዱ የእህቴ ባል ነው። እሱም እንደኔ ያሪስ ነው የሚነዳው፤ ልዩነታችን እኔ ለራሴ ጉዳይ ስነዳ እሱ ራይድ ሠርቶ ሦስት ልጅ ያሳድግበታል። ኪቱን በሙሉ ዋጋ ገዛ። ከአምስት ሳምንት በኋላ እሑድ ምሳ ላይ ቤቴ መጣና ከጃኬቱ ኪስ አንድ የተጨማደደ ደብተር አወጣ። በየቀኑ ስንት ኪሎ ሜትር እንደነዳ፣ ስንት ሊትር እንደቀዳ፣ ስንት ብር እንደከፈለ የሚጽፍበት ነው። «ወንድሜ፣ አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ይህን አስላልኝ፣ እኔ ተሳስቼ እንደሆነ» አለኝ። አልተሳሳተም። ኪቱ ከመገጠሙ በፊት በነበሩት አራት ሳምንታት በሊትር 12.4 ኪሎ ሜትር ሄዷል፤ ከተገጠመ በኋላ በነበሩት አራት ሳምንታት 12.3። ሻጩ የማለለት «እስከ 20 በመቶ ቁጠባ» በደብተሩ ላይ የለም። የእኔ «ትቆጥባለች»ም የለም።

አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። ያን ዕለት ማታ መለካት እንዳለብኝ ወሰንኩ።

መጀመሪያ ግን ዕቃው ምን እንደሆነ ለማታውቁ ላስረዳ። ሞተር ቤንዚን ብቻ ሳይሆን አየርም ይበላል፤ እንዲያውም የሚበላው አየር ይበዛል። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ ለማቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም አየር ያስፈልጋል። እንደኔ ያሪስ 1.3 ሊትር የሆነ ሞተር በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር፣ ነዳጁ እስከ መጨረሻ ከተረገጠ፣ በየደቂቃው ወደ 2 ሺህ ሊትር የሚጠጋ አየር ይስባል። ይህ ሁሉ አየር የሚያልፈው በአንድ የወረቀት ፊልትሮ ነው። ፋብሪካው ያንን ፊልትሮ በተዘጋ የፕላስቲክ ቤት ውስጥ አስቀምጦታል፤ አየሩን የሚስበውም በቱቦ ከፊት በኩል፣ የሞተሩ ሙቀት ከማይደርስበት ቦታ ነው። «ማሻሻያ» ተብሎ የሚሸጠው ኪት ያንን ቤት ነቅሎ በቦታው የሚያብረቀርቅ ቱቦና ከጫፉ ላይ ዘይት የተቀባ የጥጥ ወይም የስፖንጅ ሾጣጣ ፊልትሮ ያስቀምጣል። ፊልትሮው ከኮፈኑ ሥር ራቁቱን ይቀመጣል። ዕቃው ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ዋጋው? እኔ በተጠየቅሁበት ቀን የአንድ ኪት ሙሉ ዋጋ የ14 የወረቀት ፊልትሮ ዋጋ ነበር።

ለምን አሁን እንደ አሸን ፈላ ብትሉ፣ መልሱ ሁላችንም የምንኖረው ኑሮ ነው። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ሲያነሳ ባለመኪናው ሁሉ ሊትር መቁጠር ጀመረ። በጥር 2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። የኤሌክትሪክ መኪና መግዣ የሌለው ሰው፣ ማለትም አብዛኛው ባለመኪና፣ ያለችውን አሮጌ መኪና እንደ ዓይኑ ብሌን ጠብቆ ለልጁ ማውረስ ነው የቀረው። አሮጌ መኪና ያለው፣ ነዳጅ ያስመረረው፣ አዲስ መግዛት የማይችል ሰው ለሻጭ ምን ያህል የተመቸ እንደሆነ አስቡት። «በዚችው መኪናህ ላይ አንድ ነገር ብትጨምር ነዳጅ ትቆጥባለህ» የሚለውን ቃል ሊሰማ የጓጓ ሰው ነው። የሶማሌ ተራን መለዋወጫ በዓይኑ ገምግሞ የሚለይ ነጋዴ እንኳ በዚህ ተታሏል።

ሻጮቹ ደግሞ ለአዲስ አበባ ተብሎ የተሰፋ ወሬ አላቸው። «ከተማችን ከፍታ ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተርህ ታፍኗል፤ ይህ ኪት አየር ያስገባለታል» ይሏችኋል። የወሬው ግማሽ እውነት መሆኑ ነው አደገኛ የሚያደርገው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,355 ሜትር ከፍታ ላይ ነው የተቀመጠችው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት በጅቡቲ ወደብ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ፋብሪካው ወደ 85 የፈረስ ጉልበት አለው ያለው የኔ ሞተር እዚህ የሚሰጠኝ ከ65 ብዙም አይዘልም። ዳገት ላይ የምታቃስተው ለዚህ ነው። እስከዚህ ድረስ ሻጩ ትክክል ነው።

ነገር ግን አየሩ የሳሳው ከፊልትሮው በፊት ነው። ሰማዩ ላይ ነው የሳሳው። የጎተራን በር ብታሰፉት ከማሳው ያልተሰበሰበ ጤፍ አይገባበትም። ፊልትሮ ሊያደርግ የሚችለው ትልቁ ነገር ውጭ ያለው አየር ሳይታገድ እንዲያልፍ መፍቀድ ነው፤ ውጭ የሌለውን ሊያመጣ አይችልም። የከፍታን እጦት የሚክስ ነገር ቢኖር ቱርቦ ነው፤ እሱ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ። ሾጣጣ ፊልትሮ ቱርቦ አይደለም፤ ምንም ያህል ቱርቦ ቢመስልም።

ወደ ልኬቱ ልመለስ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው፤ የአዳማ ፈጣን መንገድ ከደጄ ነው የሚጀምረው። ሦስት እሑድ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ መንገዱ ባዶ ሳለ ወጣን። አንድ ጓደኛዬ ከጎኔ ተቀምጦ ሰዓት ይይዛል። ጋኑ ግማሽ፣ የጎማው ንፋስ እኩል፣ መስኮት ዝግ፣ ማቀዝቀዣ ጠፍቶ። በአራተኛ ማርሽ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ጀምሬ ነዳጁን እስከ መጨረሻ ረግጬ 100 እስክትደርስ ድረስ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ለካን። በየእሑዱ 10 ጊዜ፤ 5 ወደ ቢሾፍቱ፣ 5 በመልስ፣ ቁልቁለቱና ነፋሱ እንዲካካስ። ለመንገዱ ስንት እንደከፈልኩ አትጠይቁኝ።

የመጀመሪያው እሑድ ላይ የድሮዋን፣ ያችኑ ኪቱ ሲገጠም ተነቅላ የወጣችውን አመድ የመሰለች የወረቀት ፊልትሮ ከነቤቷ መልሼ አስገጠምኩ። አማካዩ 18.1 ሰከንድ ሆነ። በሁለተኛው እሑድ ኪቱን ገጠምኩ፤ 17.3። ወዳጄ «ይኸው! ይሠራል እኮ!» ብሎ ጮኸ። እኔም ለአንድ ሳምንት ያህል በልቤ ሻጩን ይቅርታ ስጠይቅ ከረምኩ። በሦስተኛው እሑድ በፋብሪካው ቤት ውስጥ አዲስ የወረቀት ፊልትሮ አስገባሁ። ዋጋዋ የኪቱ አንድ አሥራ አራተኛ። አማካዩ 17.2 ሆነ።

እዚህ ላይ ቆም በሉ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። በኪቱና በአዲሷ ወረቀት መካከል ያለው የአንድ አሥረኛ ሰከንድ ልዩነት ልዩነት አይባልም፤ በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ፊልትሮ በተለካው መካከል እንኳ ፈጣኑና ዘገምተኛው በ0.9 ሰከንድ ይራራቁ ነበር። ልዩነት የታየው በቆሻሻና በንጹሕ መካከል ነው። ሻጩ ሲገጥምላችሁ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፦ ሁለት ዓመት ያልተቀየረች፣ አቧራ የጠገበች ፊልትሮ ይነቅልና በንጹሕ ይተካላችኋል። መኪናዋ ትቀላለች። ምስጋናው ግን ለንጽሕናው ሳይሆን ለቀዩ ሾጣጣ ይሰጣል፤ ክፍያውም እንደዚያው። የተጠማ ሰው ውኃ አጠጥቶ «ብርጭቆው ነው ያረካህ» እንደማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲሷን ወረቀት እንደያዝኩ፣ ከዚያው እሑድ ሳልመለስ እስከ አዳማ ወረድኩና እዚያው አቅራቢያ ደጋግሜ ለካሁ። አዳማ ከፍታዋ 1,700 ሜትር ገደማ ነው። ከ60 እስከ 100 በ16.3 ሰከንድ ደረስኩ። እስከ ዛሬ ካየሁት «ማሻሻያ» ሁሉ ትልቁ ይኸው ነው፤ ቁልቁል መውረድ። እሱንም ማንም አልሸጠልኝም።

ስለ ነዳጁስ? በየዓይነቱ ሦስት ሦስት ጋን፣ ከአንድ ማደያ፣ ከአንድ መቅጃ፣ አፉ ድረስ እየሞላሁ ለካሁ። ቆሻሻዋ ወረቀት በሊትር 13.1፣ ኪቱ 12.9፣ አዲሷ ወረቀት 13.2 ኪሎ ሜትር። እኔና የእህቴ ባል ደብተር ተስማማን። ቆሻሻዋ ፊልትሮ እንኳ ነዳጅ አላስበላችም! እኔን ራሴን ያስገረመኝ ይህ ነው፤ ፈልጌ ሳነብ ግን የሚያስገርም ሆኖ አላገኘሁትም። የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ይህንኑ ፈትሾ ነበር። በዘመናዊ፣ ነዳጅ በኮምፒውተር በሚረጩ ሞተሮች ላይ የተዘጋ ፊልትሮ የነዳጅ ፍጆታን ይህን ያህል አይለውጥም፤ የሚጎዳው መኪናዋ ፍጥነት የምትጨምርበትን አቅም ነው። ነዳጅ የሚያስበላው በካርቡሬተር በሚሠሩት በአሮጌዎቹ ላይ ነው። አባቶቻችን «ፊልትሮ ከቆሸሸ ቤንዚን ይበላል» ሲሉን በዘመናቸው መኪና ልክ ነበሩ። ሻጩ የሚነግደው በዚያ በቆየ እውነት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በከተማ ስንነዳ ሞተሩን የሚያፍነው ፊልትሮው ሳይሆን እግራችን ነው። የነዳጅ መስጫ የምንለው በእርግጥ የሚከፍተው የአየር በር ነው፤ ከመገናኛ እስከ ሃያ ሁለት ስንድህ ያ በር ከሞላ ጎደል ዝግ ነው። ከዝግ በር ፊት ለፊት ያለውን መንገድ ብታሰፉት ምን ይለወጣል? ከበሩ ጀርባ ያለው ኮምፒውተር ደግሞ የገባውን አየር ለክቶ ያንኑ የሚመጥን ቤንዚን ነው የሚረጨው። ስለዚህ «ብዙ አየር ስለሚያስገባ ጉልበት ይጨምራል፣ ደግሞም ነዳጅ ይቆጥባል» የሚለው ማስታወቂያ ራሱን በራሱ ያፈርሳል። አየር በእርግጥ ከጨመረ ቤንዚንም ይጨምራል። ወይ ይህን ነው ወይ ያንን፤ ሁለቱንም በአንድ ካርቶን አሽጎ የሚሸጥ ሰው አንዱን እየዋሸ ነው። እንደኔ ልኬት ሁለቱንም ነው የዋሸው።

በነገራችን ላይ ይህ ዓይነቱ ንግድ እዚህ አልተፈጠረም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ባለፉት አሥርት ዓመታት «ነዳጅ ይቆጥባሉ» የተባሉ ከ100 በላይ ዕቃዎችን መርምሮ ቁጠባን ጉልህ በሆነ መጠን የሚያሻሽል አንድም አላገኘም። እዚያ ግን ቢያንስ የሚመረምር አለ።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ልምጣ። ኪቱ ምንም ባይጠቅም ኖሮ «ገንዘቤን በላኝ» ብዬ እተወው ነበር። ችግሩ መጉዳቱ ነው። ከዳሽቦርዱ ሥር የምትሰካና ወደ ስልክ ቁጥር የምትልክ ትንሽ መመርመሪያ አለች፤ ከመካኒክ ተዋስኩ። መገናኛ አካባቢ መንገድ ተዘግቶ ለአሥር ደቂቃ ስንቆም፣ ውጭው 23 ዲግሪ ሆኖ ሳለ በፋብሪካው ቤት ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር 34 ዲግሪ ነበር። በኪቱ በሌላ ቀን፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ 57። ራቁቱን ኮፈን ሥር የተቀመጠ ፊልትሮ የሚስበው የራዲያተሩንና የማርሚታውን ትንፋሽ ነዋ! አየር ሲሞቅ ይሳሳል፤ በዚህ ልዩነት ብቻ ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ክብደቱ ወደ 7 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። መኪናዋ መንቀሳቀስ ስትጀምር ሙቀቱ ይወርዳል፤ በፈጣን መንገዱ ላይ ኪቱ ወደኋላ ያልቀረው ለዚህ ነው። ግን ስንቶቻችን ነን ሕይወታችንን በፈጣን መንገድ ላይ የምናሳልፈው? በከፍታ ምክንያት ሩብ አየሩን ለተነጠቀ ሞተር ከቀረው ላይ ቆርጦ የሚወስድ ዕቃ ነው «ትንፋሽ» ተብሎ የተሸጠልን። እኔም የሸጥኩላችሁ።

ከሁሉ የባሰው አቧራው ነው። ኪቱን የነቀሉልኝ መካኒክ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። ቱቦውን ፈተው፣ ነጭ ጨርቅ በጣታቸው ጠቅልለው ከፊልትሮው በኋላ ባለው ወገን፣ ማለትም ንጹሕ መሆን ባለበት በኩል፣ አንዴ አዙረው አወጡት። ጨርቁ ቡና መስሎ ወጣ። «ልጄ፣ ይህን ነው ሞተርህ ሲበላ የከረመው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ዘይቱ ደርቆ ይሆን?» ስላቸው፣ «ዘይቱ ቢደርቅ ያሳልፋል፤ ቢበዛ ደግሞ ሴንሰሩ ላይ ይለጠፋል። አንተ የቱን ትመርጣለህ?» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የአንድ ጨርቅ ምስክርነት የላቦራቶሪ ውጤት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን የምንኖረው በየሰፈሩ በሚቆፈርበት፣ በየኮረኮንቹ በሚቦንበት ከተማ ነው። ፊልትሮ ማለት መጀመሪያ ነገር አቧራ የሚይዝ ዕቃ ነው። ሻጮቹ ግን ስንት አቧራ እንደሚይዝ አንዴም ሲናገሩ አልሰማሁም። ይህንን የሚለካ አይኤስኦ 5011 የሚባል ዓለም አቀፍ የፍተሻ ደረጃ አለ። ሻጩን «ዕቃህ በዚህ ተፈትኗል?» ብዬ ስጠይቀው «ብሮ፣ እኛ የምንሸጠው ኦሪጂናል ነው» ብሎ መለሰልኝ።

አቧራ የፒስተን ሪንግ ይፈጫል። ሪንግ ሲያልቅ ሞተር ዘይት መብላት ይጀምራል፤ ከዚያ ሞተር ማስወረድ ነው። ያ ወጪ ለእህቴ ባል የአንድ ወር ሥራ ማጣት፣ ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ መዘግየት ነው። ሌላ መኪና መግዛት በማይቻልበት ዘመን ሞተር መጉዳት ቀልድ አይደለም።

«ታዲያ እኔ የተሰማኝ ጉልበት ከየት መጣ?» የሚል ይኖራል፤ እኔም ያን ቀን ተሰምቶኛል እኮ። የፋብሪካው ቤት አየር ማሳለፊያ ብቻ ሳይሆን ድምፅ ማፈኛም ነው። እሱን ስታነሱት ሞተሩ አየር ሲስብ የሚያሰማው ጩኸት በቀጥታ ይደርሳችኋል፤ ነዳጅ በረገጣችሁ ቁጥር ያገሣል። ጆሮ ያገሣ ነገር ሁሉ ጉልበተኛ ይመስለዋል። ለማረጋገጥ አንድ ተንኮል ሠራሁ። ሌላ ጓደኛዬን «ኪቱ ተገጥሟል፣ እስቲ ንዳት» አልኩትና ሙዚቃውን ከፍ አድርጌ ቁልፉን ሰጠሁት። የተገጠመው የፋብሪካው ቤት ነበር። ሳሪስ ስንደርስ «ወይ ጉድ! ይህች እኮ ሌላ መኪና ሆናለች፤ እግርህን ስታሳርፍባት ትበራለች» አለ። ኮፈኑን ከፍቼ ሳሳየው ለሁለት ቀን አኮረፈኝ። እሱን ለመሳቅ አይደለም የማነሳው። ያ ሰው እኔ ነኝ፤ ልዩነታችን እሱ ሞኝነቱን ለአንድ ሰው ሲያሳይ እኔ ለእናንተ ለሁላችሁም አሰራጨሁት።

ከወዲሁ የሚመጣውን ክርክር አውቃለሁ። «የውድድር መኪኖች ለምን ይጠቀሙበታል?» ትሉኛላችሁ። የውድድር መኪና ነዳጁ እስከ መጨረሻ ተረግጦ ነው የሚውለው፤ ኮምፒውተሩ ለዚያው ተስተካክሏል፤ ሞተሩም በየጊዜው ተፈትቶ ይታያል። ያሪስ ለዚያ አልተወለደችም። አየር ማስገቢያ መቀየር ሁሉ ከንቱ ነው አላልኩም። አፋርና ኦጋዴን የሚወርዱት ላንድ ክሩዘሮች በመስታወታቸው ጎን ወደ ጣሪያ የሚወጣ ቱቦ ሲያደርጉ አይታችሁ ይሆናል፤ እሱ አየሩን አቧራው ከሳሳበት ከፍታ ስለሚስብ ሥራ አለው። ልዩነቱን ተመልከቱ፦ ያ ንጹሕ አየር ፍለጋ ወደ ላይ ይወጣል፤ የእኛው ኪት ደግሞ ሙቀትና አቧራ ፍለጋ ኮፈን ሥር ይገባል።

የምወቅሰው ሻጩን ብቻ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል። «እስከ 20 በመቶ» የሚለው ማስታወቂያ ግን ዛሬም በየቴሌግራሙና በየቲክቶኩ ላይ ተሰቅሏል። «እስከ» የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ፤ ዜሮም እስከ 20 ባለው ውስጥ ነው። ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው ብሎ የጠየቀ የመንግሥት አካል አላየሁም። የጠየቀ ጋዜጠኛም አላየሁም፤ አንደኛው እንዲያውም በግማሽ ዋጋ ተገዝቶ ነበር። እኛ ማይክና ተከታታይ ያለን ሰዎች ዕቃ እየተቀበልን «ሞከርኩት» እንላለን። ሞከርኩት ማለት ምን ማለት ነው? ገጥሜ ፎቶ አነሳሁት ማለት ሆኗል። ፈዋሽ የተባለ ቅባት፣ ፀጉር የሚያበቅል ሻምፖ፣ ነዳጅ የሚቆጥብ ቱቦ፣ ሁሉም የሚሸጠው በዚሁ «ሞከርኩት» ነው። ከዚህ ሁሉ ባለማይክ ይልቅ በየማታው ሊትርና ኪሎ ሜትር የሚመዘግብ አንድ የራይድ ሹፌር ጋዜጠኛ ሆኖ አገኘሁት።

እዚህ ድረስ ያነበባችሁና ኪቱን የገጠማችሁ፣ የፋብሪካውን ቤት ካልጣላችሁት መልሱት። ሻጩ «አሮጌውን እኔ ልጣልልህ» ብሎ ወስዶት ከሆነ (የእህቴን ባል እንዲህ ብሎታል) ሂዱና ጠይቁት፤ ያ «አሮጌ» ቤት ራሱ በሶማሌ ተራ የሚሸጥ ዕቃ ነው። አዲስ የወረቀት ፊልትሮ አስገቡ፣ አቧራ ባለበት የምትነዱ ከሆነ ቶሎ ቶሎ ቀይሩት።

የፊተኛውን ጽሑፌን አላጠፋሁትም። ከላዩ ላይ «ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ሳይለካ፣ ዕቃውም በግማሽ ዋጋ ተገዝቶ ነው» የሚል ጽፌበታለሁ፤ ከሥሩ ያሉት የእናንተ ምስጋናዎችም እንዳሉ ናቸው፤ ሳያቸው እንዲያሳፍሩኝ። የእህቴን ባል ኪት ዋጋ ከኪሴ ከፈልኩ። አልቀበልም ስላለ በእህቴ በኩል ነው የላክሁለት።

ለሻጩም ይህን ጽሑፍ ከመለጠፌ በፊት ልኬለታለሁ። «ብሮ፣ አንተ አካሄድህ ልክ አይደለም፣ በትክክል አልተገጠመልህም ይሆናል» አለኝ። ጥሩ። ስሙን ያልጠቀስኩት ለዚህ ዕድል ልስጠው ብዬ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቱሉ ዲምቱ፣ የፈጣን መንገዱ መግቢያ ላይ እገኛለሁ። ሁለቱ ኪቶች፣ የእኔም የእህቴ ባልም፣ መኪናዬ ኋላ ተጭነዋል። ራሱ ይግጠመው፣ ሰዓቱንም ራሱ ይያዝ፤ አዲሷን የወረቀት ፊልትሮና የመንገዱን ክፍያ እኔ እችላለሁ። የእህቴ ባልም ደብተሩን ይዞ ይመጣል።